ዶሪን የበላችው ቀብድ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ከልደት ካርድ ያለፈ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ካርዱም ላይ ቢሆን የታተመው ቃል ስለሚበቃኝ ስሜን ብቻ ፈርሜ እሰጣለሁ። ሥራዬ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ማጠብ ነው። ሰው በተሰበሰበበት አፌን የማልከፍት ሰው ዛሬ ልጽፍ መነሳቴ ለራሴም ያሳፍረኛል። ግን ስለ ዶሪን ቬስባይ በከተማችን የሚወራው ልክ አይደለም። ገሚሱ ሌባ ይላታል፣ ገሚሱ ቁማርተኛ። አንዱንም አይደለችም። ታዲያ ምንድን ናት ብትሉኝ በአንድ ቃል መመለስ ስላቃተኝ ነው እንዲህ የማስረዝመው። ያልገባችሁ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም።

ዶሪንና እኔ አንድ ወጥ ቤት ነን። እኔ ከኋላ አጥባለሁ፣ እሷ ከፊት፣ በማደያው መስኮት፣ ለልጆቹ ትጨልፋለች። ባሏ ክሊንት በልብ ሕመም ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከባሏ አባት ከኦርቪል ጋር ነው። «የራሳቸው ሴት ልጅ አሪዞና አለችላቸው፤ አንቺ አማትሽን ምን ዕዳ ሆኖብሽ ትጦሪያለሽ?» የሚላት ሰው አይጠፋም። እሷ መልሷ አንድ ነው። «እሳቸው ናቸው እኔን የሚጦሩኝ። ቤቱ የእሳቸው፣ መኪናው የእሳቸው። የእኔ ጉልበቴ ብቻ ነው።»

ኦርቪል ሰማንያን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን በከተማችን ፓምፕ ፋብሪካ፣ ብረት ማቅለጫው ክፍል ነው የጨረሱት። በእሳቸው ዘመን ፋብሪካው የገና በዓል በመጣ ቁጥር ለሠራተኛው ጥቂት ጥቂት አክሲዮን ያድል ነበር። አብዛኛው ሰው በማግሥቱ ሸጦ ጠጣበት። ኦርቪል ግን አስቀመጡ፤ ጡረታ ሲወጡ ልክ መቶ ሆነላቸው። ያቺን መቶ እንደ ልጅ ነበር የሚወዷት። ትርፏ ይህን ያህል ሆኖ አይደለም። እንዲህ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«ጡረታውን ሠርቼ ነው ያገኘሁት፤ እሱ የላቤ ነው። አክሲዮኑ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ይዤ በዚያ በር ስገባ ሠራተኛ አይደለሁም። ባለቤት ነኝ።»

በዚያ በር ማለታቸው ጉባኤው ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የፋብሪካው ባለ አክሲዮኖች በእኛው ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ዶሮውንና ድንቹን የምናበስለው እኛ ነን። ሌላው ኩባንያ ሁሉ ጉባኤውን በኮምፒውተር ካደረገው ቆይቷል አሉ፤ የእኛው ግን ዶሮውን አልተወም። መናገር የሚፈልግ ሰው ተነስቶ ይቆማል፣ ማይክሮፎን ይቀበላል፣ ስሙን ይናገራል፣ ቀጥሎ «ባለ አክሲዮን ነኝ» ይላል። ያን ብሎ ነው የሚጠይቀው። ያን ቃል ሳይል የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ኦርቪል ደግሞ ሳይጠይቁ የቀሩበት ዓመት የለም። አንድ ጊዜ የፓምፑን እጀታ ለምን እንዳሳጠሩት፣ አንድ ጊዜ ቀለሙን ለምን እንደቀየሩት፣ ብቻ አንድ ነገር አያጡም።

ዓይናቸው ሲደክም የአክሲዮኑን ጉዳይ ለዶሪን አስረከቧት፤ በስልኳ እንድትከታተልላቸው። «እንደመሰለሽ አድርጊ። ብቻ አትሽጪብኝ» አሏት። እሷም «እሺ አባባ» አለች።

እንግዲህ ነገሩን ያመጣችው ትዊላ ናት። ትዊላ የወጥ ቤታችን ኃላፊ ናት፤ አፏ ከምድጃው ይፋጃል፣ ልቧ ግን ደግ ነው። አንድ ቀን ክረምት ላይ፣ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖት፣ ልጆቹ በልተው ከወጡ በኋላ ስልኳን እያየች ብቻዋን መሳቅ ጀመረች።

«ምን አግኝተሽ ነው?» አለቻት ዶሪን።

«ቀብድ በላሁ።»

«የምን ቀብድ?»

«ነይ ላስተምርሽ፣ የእኔ እናት። አክሲዮንሽ አንድ ጊደር ናት እንበል። ዛሬ ገበያ ብትወጣ ሠላሳ ስምንት ዶላር ታወጣለች። አንድ ሰው መጣና ‹እስከ ወሩ ሦስተኛ ዓርብ ድረስ፣ ካሰኘኝ፣ በአርባ ሁለት እንድትሸጪልኝ ቃል ግቢልኝ፤ ለቃልሽ ይቺን ቀብድ ያዢ› አለሽ። ዓርብ ደርሶ ጊደሯ አርባ ሁለት ካልገባች ሰውየው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ይቀራል። ጊደሯም ያንቺ፣ ቀብዱም ያንቺ። በሚመጣው ወር ደግሞ ለሌላ ሰው ቃል ትገቢያለሽ።»

«አርባ ሁለት ከገባችስ?»

«በአርባ ሁለት ይወስዳታል። ከሠላሳ ስምንት አተረፍሽ፤ ምን ያስለቅስሻል?»

«ስልሳ ብታወጣስ?»

ትዊላ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ስልሳ! የእኛ ፋብሪካ አክሲዮን? ባሌ ከሶፋው ተነስቶ ሰሃን ያጠበ ዕለት ስልሳ ይገባል!»

ይህ ሁሉ በስልክ ነው የሚደረገው። የሚመጣ ሰው የለም፣ የሚታሰር ጊደር የለም። ግን አንድ ውል መቶ አክሲዮን ነው፤ ከዚያ በታች የያዘ ሰው ቃል ልሸጥ ቢል አይሆንለትም። ዶሪን የራሷ አክሲዮኖች ነበሯት፤ ከደሞዟ እየቆጠበች በየኩባንያው ከዚህ አምስት ከዚያ አሥር የለቀመቻቸው ናቸው። አንዱም መቶ አይሞላም። በእጇ ያለው ሙሉ መቶ የኦርቪል ብቻ ነው።

እኔ ውሃው ላይ ነበርኩ። ዶሪን ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ስትቀር አየኋት። በማግሥቱ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «መሸጥ እኮ አይደለም፤ እንደ ማከራየት ነው» አለችኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኋት። ሰው ሳይጠየቅ መመለስ ከጀመረ፣ የጠየቀው የገዛ ልቡ ነው።

የመጀመሪያው ቀብድ ትንሽ ነበር፤ የዓርብ የዓሣ ጥብስ ለሁለት ሰው የምትችል። ኦርቪል «ዛሬ ምን ተገኘ?» ሲሏት «ትርፍ ሰዓት ሠራሁ» አለቻቸው። ሁለተኛው የእሳቸው መነጽር ሆነ። ሦስተኛውን ለራሷ ቦት ጫማ ገዛችበት፤ ውስጡ ቀይ ጸጉር ያለው። ኦርቪል በእጃቸው ዳሰሱና «ደግ ጫማ ነው። ትርፍ ሰዓት ምን ይለዋል!» አሏት። ያን ዕለት በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር፤ እሷ ግን ሥራ የመጣችው በድሮው ጫማዋ ነው። ካልሲዋን ምድጃው ላይ ሰቅዬ አደረቅሁላት። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልነገረችኝም።

በወሩም እንደ ልማዷ ቃሉን ሸጠች፤ አርባ ሁለት ላይ። ሦስተኛው ዓርብ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ወሬ መጣ፤ አንድ ድርቅ የመታው ትልቅ ግዛት ለመስኖው ሁሉ የእኛን ፓምፕ ሊገዛ ተስማማ። አክሲዮኑ በአንድ ጠዋት ሃምሳዎቹን ዘለቀ። ከተማው አበደ። መንገድ ላይ የማይተዋወቅ ሰው የለም እንጂ ቢኖር እንኳ ይተቃቀፍ ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚደሰት አልነበረም።

«ዶሪ፣ አሁኑኑ ቃልሽን መልሰሽ ግዢው!» አለቻት ትዊላ።

«እስካሁን የበላሁት ሁሉ ተደምሮ ሩቡን አይሸፍነውም።»

«እንግዲያው ወደሚመጣው ወር ግፊው፤ የዛሬውን ዘግተሽ ለሌላ ወር ቃል ትገቢያለሽ። ነይ ላሳይሽ።»

«ተዪኝ። ይወርዳል» አለች ዶሪን። «የእኛ አክሲዮን እኮ ነው። መች ከፍ ብሎ አድሮ ያውቃል?»

ይህን ስህተት ከእኛ ከተማ ሰው በቀር ማንም አይሳሳተውም። ሌላ አገር ያለ ሰው ዋጋውን አይቶ ይሮጥ ነበር። እኛ ግን ፓምፑን ስለምናውቅ፣ ሠሪውን ስለምናውቅ፣ የሠሪውን እናት ስለምናውቅ፣ ዋጋውንም የምናውቀው ይመስለናል። ትዊላም ቢሆን አልገፋቻትም። እኔም ውስጤ «ይወርዳል» ብሎ ነበር።

ያን ዕለት ማምሻውን ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነበር። ፓስተሩ ስለ ፋብሪካው ምስጋና ሲያቀርብ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ዶሪን በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና የለመነችው አክሲዮኑ እንዲወድቅ ነበር። ኦርቪል አጠገቧ ቆመው እጇን ይዘዋል። «የከተማው እንጀራ እንዲቀንስ ጸለይኩ» አለችኝ። «እጄ በእሳቸው እጅ ውስጥ ሆኖ።»

አልወደቀም።

ዓርብ ማታ እንደ ወትሮው ወደ ዓሣ ጥብሱ ቤት ሄዱ። የአክሲዮን ገበያው ተዘግቷል፤ ዋጋው ሃምሳ ሰባት ላይ ነው። ዶሪን ታውቃለች፣ ኦርቪል ግን የሚያውቁት መውጣቱን ብቻ ነው። ለጠረጴዛው ሁሉ «ዛሬ ሀብታም ነኝ! ለሁሉም አፕል ፓይ፣ በእኔ!» ብለው አዘዙ። ከማቅለጫው ክፍል የመጡ ወጣቶች ቢራቸውን ይዘው መጥተው ከበቧቸው።

«አባባ፣ ሐሙስ ጉባኤው ላይ አንድ ነገር ይጠይቁልን» አላቸው አንዱ። «መታጠቢያ ቤታችን ሙቅ ውሃው ከተቋረጠ ክረምቱ ሙሉ አለፈ። በጥላሸታችን ነው ቤት የምንገባው። ሚስቴ በጓሮ በር ካልሆነ አታስገባኝም።»

«ጥላሸቱ ሳይሆን አንተ ሆነህ እንዳይሆን!» አሉት ኦርቪል። ሁሉም ሳቀ።

«የምሬን ነው። እኛ ብንናገር አለቃው ቂም ነው የሚይዝብን። እርስዎን ግን ምን ያደርግዎታል? ባለ አክሲዮን ነዎት።»

«እጠይቃለሁ! ባለቤት ሲጠይቅ ሳይመልሱ መሄጃ የላቸውም።»

ከዚያ ወደ ዶሪን ዞሩ። «ምነው፣ ዓሣው አጥንት አለው እንዴ?»

«የለውም አባባ።»

«ታዲያ ምን አነቀሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት መቶው የለም። በቦታው ገንዘብ ተቀምጧል፤ በአርባ ሁለት ሒሳብ። ቀሪውን ትርፍ የማታውቀው ሰው ወስዶታል። እሷ ግን ስለ ትርፉ ስትናገር አልሰማኋትም። ሰኞ ወጥ ቤት ስንገናኝ የነገረችን ሌላውን ነው።

«ሐሙስ ተነስተው ሊናገሩ ነው።»

«ታዲያ ይናገሩ» አለች ትዊላ። «ጉባኤው የሚገባው ሰው ስም የተመዘገበው ባለፈው ወር ነው፤ ያን ጊዜ አክሲዮኑ ነበራቸው። መግቢያው በእጃቸው ነው። ሕጉ ራሱ ይግቡ ይላል። ይግቡ፣ ይጠይቁ፣ ዶሮዋቸውን ይብሉ። ማን ያውቃል? አንቺ፣ እኔና ይቺ ሰሃን አጣቢ። ይቺ እንደሆነ አፍም የላት።»

እውነቷን ነው።

«ሲነሱ እኮ ‹ባለ አክሲዮን ነኝ› ይላሉ» አለች ዶሪን።

«ይበላ!»

«አይደሉማ። እሳቸው ውሸት አያውቁም፣ ትዊላ። በእሳቸው አፍ የምዋሸው እኔ ነኝ። ለዚያውም በማይክሮፎን፣ በሰው ሁሉ ፊት።»

ትዊላ ድንች መላጥ ጀመረች፤ የሰኞ ምግብ ድንች የለበትም ነበር። «ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አትሽጪ ያሉት እኔን እንጂ አንቺን አይደለም» አለቻት ዶሪን።

እንዲህ እያለች ማክሰኞን አሳለፈች። ረቡዕ ቤታቸው እራት ከበሉ በኋላ፣ ፀሐዩ ገና ሳይጠልቅ፣ ኦርቪል ልምምድ ጀመሩ። የእንጨት ማንኪያ እንደ ማይክሮፎን ይዘው ወጥ ቤቱ መሐል ቆሙ።

«ኦርቪል ቬስባይ። ባለ አክሲዮን ነኝ። ድምፄ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ደግሜ ልበለው።»

«አይድገሙት አባባ።»

«ለምን? ተንቀጠቀጠ?»

«ባለ አክሲዮን አይደሉም። እኔ…» አለች። ከዚያ የመጣላትን ሁሉ ተናገረች። አልሸጥኩትም ነበር፣ የሸጥኩት ቃሉን ነው፣ ወር በወር ቀብድ በላሁበት፣ ዓርብ መጥተው ወሰዱት አለች።

«ማን መጣ? ዓርብ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ፤ ማንም አልመጣም።»

«በስልክ ነው አባባ።»

«ማን ነው የወሰደው?»

«አይታወቅም።»

«ከዚህ ከተማ ነው?»

«አይታወቅም አልኩዎ።»

«አይታወቅም» አሉ። ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «የገና ስጦታዎቼን ሁሉ የወሰደው ሰው አይታወቅም። ያ ቦት ከዚያ ነው?»

«አዎ።»

«መነጽሩስ?»

«አዎ።»

«ዓሣውስ?»

«የመጀመሪያው ዓሣ… አዎ።»

«እንግዲያው እኔም በልቻለሁ» አሉ።

ዶሪን ይህን ስትነግረኝ «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ራሳቸውን አብረው ከሰሱ።»

«እሳቸው ምን አጠፉ? ‹አትሽጪብኝ› አላሉሽም?» አልኳት።

«ብለውኛል። በዚያ ማታም ጠየቁኝ። ‹አትሽጪብኝ ብዬሽ አልነበረም?› አሉኝ። ‹ብለውኛል› አልኳቸው። ‹ነገ አልሄድም። ለማቅለጫው ልጆች አንቺው ንገሪልኝ› ብለው በራቸውን ዘጉ።»

ሐሙስ ጠዋት ዶሪን አርፍዳ መጣች። አርፍዳ አታውቅም። ሽርጧን እያሰረች የሆነውን በችኮላ ነገረችን። ገበያው እስኪከፈት ቤቷ ደጅ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጣ ጠብቃ፣ እንደተከፈተ የራሷን ከዚህ አምስት ከዚያ አሥር የለቀመችውን ሁሉ ሸጠች። ያን በኦርቪል ገንዘብ ላይ ጨምራ በውድ ዋጋ መልሳ በስማቸው ገዛች። መቶ አልሞላም፤ ዘጠና አንድ ላይ አለቀባት። ከዚያ ገባች። ኦርቪል በካናቴራ ተቀምጠዋል፤ የአጃ ገንፏቸው ቀዝቅዟል።

«ዘጠና አንድ መልሻለሁ። ዘጠኙ ጎድሏል» አለቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የአክሲዮኑን ጉዳይ ለሌላ ሰው ይስጡ።»

ሰሃናቸውን ገፋ አደረጉት። «ሸሚዝዎን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ» አለችና ወጣች።

ስለዚህ ይምጡ አይምጡ አናውቅም። አዳራሹ እየሞላ ሄደ። ትዊላ በየደቂቃው በማደያው መስኮት አንገቷን ታሰግጋለች። «መጡ?» እላታለሁ፤ «አልመጡም» ትለኛለች። ዶሪን አንድም ጊዜ አላየችም፤ ድንቹን ትፈጫለች።

ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ በኋለኛው በር ገቡ። ያመጧቸው የማቅለጫው ልጆች ናቸው። የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሰዋል። ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሱ፤ ማይክሮፎኑ ሲደርሳቸው ፉጨት አወጣ።

«ኦርቪል ቬስባይ» አሉ። ከዚያ ቆም አሉ። ዶሪን ጭልፋውን ድንቹ ውስጥ እንደከተተች ቀረች። «ባለ አክሲዮን ነኝ። ካለፈው ዓመት ግን አንሻለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ስለ ሰውነታቸው መስሎታል። ከስተዋል በእርግጥ። ትዊላ ግን አልሳቀችም። ኦርቪል ስለ ሙቅ ውሃው ጠየቁ። አለቃው የመለሰውን በደንብ አልሰማሁትም፤ ትሪ እየደረደርኩ ነበር፤ ግን ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ሰምቻለሁ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁለት ሰልፍ ሆነ፤ አንዱ በዶሪን መስኮት፣ አንዱ በትዊላ። ኦርቪል ሰሃናቸውን ይዘው መጡና ሁለቱንም አዩ። ዓይናቸው ቢደክምም ዶሪንን ከዚያ ርቀት አይስቷትም። በትዊላ በኩል ተሰለፉ። ዶሪን አየች። ቀጥሎ የቆመውን ሰው ሰሃን ተቀበለችና ድንች ጨለፈችለት።